በስኪ ጫማ ፏፏቴ ስወጣ

እግሬ ትልቅ ነው። ይህን አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ጣጣው ሁሉ የመጣው በእሱ ነውና። ልጅ ሆኜ እናቴ ጫማ ልትገዛልኝ መርካቶ ስትወስደኝ፣ ባለሱቁ ቁጥሩን ሲሰማ «ለወንድሟ ነው?» ይል ነበር። እናቴ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት ደስታዋ ነው። እኔን ግን ምን ያሳፍረኛል? እግር ለመሄጃ ነው እንጂ ለኤግዚቢሽን ነው እንዴ?

አሜሪካ መጥቼ ሲልቨር ስፕሪንግ ስኖር ደግሞ ነገሩ ጭራሽ ቀለለ። የወንድ ጫማ ብገዛ ማን ዞር ብሎ ያየኛል? እንዲያውም ከባሌ ከዳዊት ጋር የጫማ ቁጥራችን አንድ ነው። ትዳር በብዙ ነገር ይሰምራል፤ የእኛ በእግር ሰመረ።

ይሄው ዳዊት አንድ ጊዜ ከጓደኞቹ ጋር ፔንሲልቬንያ ስኪ፣ እግር ላይ ረጅም ጣውላ አስሮ በረዶ ላይ መንሸራተት፣ ሊሄድ ተነሳ። ያገለገለ የስኪ ጫማ ኢንተርኔት ላይ አግኝቶ ገዛ። ብርቱካናማ ነው። ፕላስቲክ ነው። ሲያዩት የጠፈርተኛ ጫማ ይመስላል፤ ሲያነሱት ግን እንደ ላባ ቀላል። ዳዊት ዕቃ ሲገዛ የሚያነበው የመጀመሪያዋን ቃል ብቻ ነው። ስኪ ይላል አይደል? በቃ። እዚያ ሲደርስ ስኪ የሚያከራየው ሰውዬ ጫማውን አገላብጦ አየና፣ ይሄ እኮ የስኪ ቱሪንግ ጫማ ነው፣ ስኪያቸውን አድርገው ተራራውን በገዛ እግራቸው ለሚወጡ ሰዎች የተሠራ ነው፣ ከእኛ ስኪ ጋር አይገጥምም አለው። ዳዊት ቀኑን ሙሉ ሆት ቾክሌት ሲጠጣ ውሎ ተመለሰ። ጫማው ክሎዜት ገባ።

አሁን ሜሮንን ላስተዋውቃችሁ። ሜሮን ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው የምትኖረው፤ ሆስፒታል ላብራቶሪ ውስጥ ትሠራለች። እዚያው አሌክሳንድሪያ ባለችው ቤተ ክርስቲያናችን አብረን እንዘምራለን። ሜሮን ቁጭ ማለት አይሆንላትም። መዝሙር ስንለማመድ እንኳ ቆማ እየተወዛወዘች ነው። ግድግዳ የሚወጣበት ጂም ገብታ፣ በሳምንቱ እኔንም ጎትታ አስገባችኝ። እናንተዬ፣ እንዴት እንደወደድኩት! አርባ ዓመት የተጠጋች ሴትዮ፣ የልጆች እናት፣ ግድግዳ ላይ እንደ እንሽላሊት ተለጥፋ ስትስቅ አስቡት።

ታዲያ አንድ ጃንዋሪ ብርዱ ጉድ አደረገን። የመኪና በር አልከፈት አለ። ሰው ሁሉ ሲያማርር ሜሮን ኮል አደረገችኝ።

«ረጋ!» ብላ ጮኸች።

«ምኑ?»

«ፏፏቴው ነዋ! ቨርጂኒያ ተራራው ላይ ያለው። ከላይ እስከ ታች በረዶ ሆኗል። ቅዳሜ እንወጣዋለን!»

ልቤ ዘለለ። ፏፏቴ መውጣት! ውኃ እንኳ የሚያውቀው መውረዱን ነው።

በየእጅ ተይዞ በረዶ ላይ የሚሰካውን መጥረቢያም፣ ጫማ ስር የሚታሰረውን ባለ ጥርስ ብረትም፣ ገመዱንም የሚያመጡ ሰዎች አሉ። የቀረው ጫማ ነው። ወደ አከራዮቹ ብደውል፣ የሴቱ ጫማ ለእኔ እግር አይበቃም፤ የወንዱን ደግሞ ብርዱን የሰማ ሁሉ ቀድሞ ወስዶታል። ተስፋ ቆርጬ ካፖርቴን ልሰቅል ክሎዜቱን ስከፍት፣ ያ ብርቱካናማ ጫማ አፍጥጦ አየኝ። አጠለቅኩት። ልክክ!

ዳዊት ሶፋው ላይ ሆኖ በሳቅ ሞተ። «ለስኪ ያልሆነ ጫማ ለፏፏቴ ሊሆን?» አለኝ። ሜሮንም ተጠራጥራ ኢንተርኔት ላይ ብትጠይቅ ሰዉ ለሁለት ተከፍሎ ጠበቃት። ግማሹ፣ ቀላል ነው፣ ሶሉ ድርቅ ያለ ነው፣ ይሞቃል፣ ከዚህ የተሻለ የለም ይላል። ግማሹ፣ ቁርጭምጭሚት አያሳጥፍም፣ እብደት ነው ይላል። ስድድቡን ብታዩት! በጥቃቅን ነገር የምንጣላው እኛ ሐበሾች ብቻ የሚመስለን ለምን ይሆን?

ቅዳሜ ጠዋት ደረስን። ቡድኑን የምትመራው ሊንዳ የምትባል ጡረታ የወጣች የባዮሎጂ አስተማሪ ናት። ጸጉሯ ሽበት፣ ክንዷ ገመድ። በአማርኛ ቢሆን አንቱ እላት ነበር። ብራያን የሚባል ረጅም ጎረምሳም አለ። ገና ጫማዬን ሲያይ፣ የስኪ ሰዎችን ወደ ላይ የሚያወጣው ሊፍት ያለው በዚያኛው ተራራ ነው ብሎ ቀለደ። ሌሎቹም ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ?

ጫማው ከኋላው፣ ባት ላይ፣ መቀርቀሪያ አለው። ሲከፈት ቁርጭምጭሚት ይላቀቃል፣ ሲዘጋ ጨምቆ ይይዛል። ከፈትኩትና ዳገቱን ሽር አልኩበት። እነዚያ ከባድ ጫማ ያደረጉት ከኋላዬ ሲያለከልኩ ይሰማኛል። ዞር ብዬ አላየሁም። ጨዋ ነኝ።

ከዚያ ፏፏቴው ጋ ደረስን። እንዴት ልንገራችሁ! ሰማያዊ ነው። ሺህ ሻማ ቀልጦ እንደወረደ ነው። ውስጡ ደግሞ ውኃው አሁንም ኩልል እያለ ይሰማል። ሜሮን እጄን ጨምቃ ያዘችኝ።

ሊንዳ ባለ ጥርሱን ብረት ጫማዬ ላይ ለማሰር ተንበረከከች። የፊቱ ሽቦ በጫማው አፍንጫ ላይ አልቀመጥ አለ። «ካልያዘ አትወጪም» አለችኝ፤ ቀልድ የለም። ሽቦውን ወደ ሌላ ቀዳዳ አዛወረች፣ ጎተተች፣ በመጥረቢያዋ እጀታ መታችው፣ እግሬን መሬት ላይ አስረገጠችኝ። እኔ በልቤ እጸልያለሁ። በመጨረሻ ቀና ብላ፣ ይዟል አለች።

መጀመሪያ ሜሮን ወጣች። ትክክለኛውን ጫማ ነው ያደረገችው። ግማሽ ላይ ስትደርስ ግን ባቷ እንደ ልብስ ስፌት መኪና ይንቀጠቀጥ ጀመር። እየተንቀጠቀጠች ጨርሳ ወረደች። ጀግና!

ተራዬ ደረሰ። ገመዱ ከላይ ታስሯል፣ ከታች ሜሮን ትይዘዋለች። ብወድቅ አልሞትም። ግን ይህን የሚያውቀው ጭንቅላት ነው፤ ጉልበት ምን ያውቃል? መቀርቀሪያውን ዘጋሁ። መጥረቢያዬን ሰነዘርኩ፤ ጭው! እግሬን መታሁ፤ ቸክ! ቆምኩበት። እናንተዬ፣ ደረጃ ላይ የቆምኩ ነው የመሰለኝ! ጫማው ባቴን ደግፎ ይዞታል፤ ምንም አይንቀጠቀጥም። ጭው፣ ቸክ፣ ጭው፣ ቸክ። ከታች ሳቁ ጠፋ። ሜሮን ብቻ «ወይኔ ጌታ! ወይኔ ጌታ!» ትላለች።

ጫፉ ሊደረስ ትንሽ ሲቀር በረዶው አለቀ። ያለው ወደ ላይ ያዘመመ አለት ነው፤ ስስ በረዶ ተቀብቷል። እዚያ በጣት ጫፍ አይቆምም፣ እግር ተዘርግቶ መርገጥ አለበት። ለመርገጥ ደግሞ ቁርጭምጭሚት መታጠፍ አለበት። የእኔ ጫማ ደግሞ አይታጠፍም! ተንሸራተተ። ደገምኩ። ሁለቱም እግሮቼ ከዱኝና በመጥረቢያዎቹ ብቻ ተንጠለጠልኩ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ያን ቀን ሞኝነቴ አተረፈኝ።

ሊንዳ ከታች፣ መቀርቀሪያውን ክፈቺው እያለች ትጮኻለች። እሺ፣ በየትኛው እጄ?

«አይዞሽ፣ ይዤሻለሁ!» አለችኝ ሜሮን። «እጅሽን ልቀቂው!»

እግሬን እንደምንም መልሼ በረዶው ላይ ሰካሁ። አንዱን እጄን ከመጥረቢያው ለቀቅኩ። ጓንቴን በጥርሴ አወለቅኩና ወደ ባቴ ዘረጋሁ። ጣቴ ደንዝዞ መቀርቀሪያውን አይለይም። አንዴ ሳትኩት። እንባዬ መጣ። ደግሜ ስስበው፣ ቀጭ! ቁርጭምጭሚቴ ተፈታ። በሌላው እጅ ሌላውንም። እግሬን አለቱ ላይ ዘርግቼ ረገጥኩት፤ ትልቅ እግሬን፣ እንዳለ። ያዘ! ቀና አልኩ። ጫፍ ላይ ነኝ!

እልልታዬን አቀለጥኩት። ያ ሸለቆ ከተፈጠረ እልልታ ሰምቶ አያውቅም መሰለኝ። ሜሮን ገመዱን እንደያዘች ከታች ተቀበለችኝ። ፈረንጆቹ መጀመሪያ ክፉ ነገር የደረሰ መስሏቸው ደነገጡ፤ ከዚያ ሲገባቸው እነሱም እንደሚችሉት ጮኹ።

ስወርድ ብራያን ቀድሞ መጥቶ ሄልሜቴን መታ መታ አደረገ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ጫማዬን ማየት ጀመረ። ስንት ቁጥር ነው አለኝ። ነገርኩት። ዓይኑ በራ። ለአንድ ጊዜ ብቻ ልሞክረው አለኝ። በደስታ ሰክሬ ነበርና እሺ አልኩት። እሱ ወጥቶ ሲወርድ፣ ጫማው ገና እግሩ ላይ እንዳለ ሌላው ለራሱ ጠየቀው። ከዚያ ቀጥሎ ያለው ደግሞ ምንም ሳይጠይቀኝ ሰልፍ ያዘ። ተራ የሚያስከብሩት ራሳቸው ናቸው፤ እኔን የሚያስታውሰኝ የለም። ሜሮን እንኳ፣ እግሯ ከእኔ በብዙ የሚያንሰው ሜሮን፣ ሁለት ካልሲ ደርባ ሰልፉ ውስጥ ቆማ አየኋት።

እኔ ጀግናዋ የት ነኝ? ከፏፏቴው ስር፣ ሻንጣ ላይ፣ በካልሲ። እግሬን በሊንዳ ጃኬት ጠቅልዬ ጫማዬን እጠብቃለሁ።

ወደ ቤት ስንመለስ ሜሮን መኪና ውስጥ፣ በሰው ጫማ መሳቅ ደግ እንዳልሆነ ዛሬ ተማሩ አለችኝ። እኔ ጣቶቼን ሂተሩ ላይ እያሞቅሁ፣ የለም አልኳት፣ ይሳቁ። ሲስቁብኝ እኮ ጫማዬ እግሬ ላይ ነበር።