አሥራ ሁለት ቅዳሜ ያቀድኩለት ክፉ ሰው በሠላሳ አምስት ደቂቃ ታረቀ

ዛሬ የደረሰብኝን ብነግራችሁ «ይቺ ልጅ ደግሞ ከራሷ ፈጥራ ነው» ትሉኛላችሁ።

ፈጥሬማ ነበር! ጉዱ የመጣው እኮ ከዛ ነው!

እየተቻኮልኩ ነው የምጽፈው። ታይፖ ካለ ይቅር በሉኝ።

ለማታውቁኝ፦ ሲፈን እባላለሁ፣ አሥራ አንደኛ ክፍል፣ አሶሳ። ከጥር ጀምሮ አንድ ጌም ሳቅድ ከረምኩ። የስልክ ጌም አይደለም። ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ በአፍ የሚጫወቱት ነው። አንድ ሰው ታሪኩን ይመራል (እኔ! ጌም ማስተሯ!)፣ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ጀግና ይሆናሉ። «ጀግናሽ አሁን ምን ታደርጋለች?» እላለሁ። ትነግረኛለች። ዳይስ ትጥላለች። ቁጥሩ ከበዛ ይሳካላታል፣ ካነሰ ጉዷ ይፈላል።

በቃ ይኸው ነው። ግን ሱስ ነው!

የኔ ታሪክ የሚሆነው እዚሁ አሶሳ ነው። ባጃጁ፣ ገበያው፣ አቧራው፣ ሁሉም እንዳለ። ልዩነቱ አንዳንድ ሰው ኃይል አለው።

ወርቅ ሰሚዋ አለች። መሬት ውስጥ ያለ ወርቅ ሲተነፍስ ይሰማታል።

ነፋስ ባጃጅ አለች። ባጃጇ ሰማይ ላይ ይበራል፣ ግን ከኋላ ሦስት ሰው ካልተሳፈረ አይነሳም። (ይቺን ሕግ ያዙልኝ።)

ቀርከሃዋ አለች። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፣ ፀጉሯ አረንጓዴ ነው፣ ትጎብጣለች እንጂ አትሰበርም።

ክፉውስ?

ጥላ ሰብሳቢው!!!

የአሶሳን መጋቢት የምታውቁ ብቻ ይገባችኋል። ይሄ ሰውዬ የከተማውን ጥላ በሙሉ ይሰርቃል። የማንጎውን፣ የበረንዳውን፣ የገበያውን ሸራ። ዛፍ ስር ትቀመጣላችሁ፣ ፀሐይዋ ዛፉ እንደሌለ አናታችሁ ላይ ታርፋለች። የሰረቀውን ጥላ ጠቅልሎ ከተማው ዳር ያለ ባዶ የውኃ ታንከር ውስጥ ያከማቻል።

ስጽፈው ራሴ ላብ ላብ ብሎኛል፣ ወላሂ። (ፕሮቴስታንት ነኝ፣ ግን አሶሳ ነው ያደግኩት።)

አሥራ ሁለት ቅዳሜ ነበር ያቀድኩለት። ሁለት ደብተር ሞልቷል። ካርታ ስያለሁ። አሥራ ሁለተኛው ቅዳሜ ላይ የሚሆነውን ለእናቴ እንኳ አልነገርኳትም።

አሁን እውነቱን ልናገር?

ጌሙ ለጌምነቱ ብቻ አልነበረም። ፈትያ፣ መሲና ናርዶስ የክፍሌ ልጆች ናቸው። ሦስቱ ሁልጊዜ አብረው ናቸው። እኔ ደግሞ... አጠገባቸው ነኝ። (ያምናውን የባምባሲ ሽርሽር አናነሳም! ተዉት!) ዛሬ ከወደዱልኝ አሥራ ሁለት ቅዳሜ ከነሱ ጋር ነኝ። ከሰለቻቸው ሁለት ደብተር ታቅፌ ወደ ቤቴ።

ስለዚህ ጠዋት ላይ ፀጉሬን ሁለቴ ነው የተሠራሁት። ለጌም!

ቦታው ፈትያ ግቢ፣ ማንጎው ስር። ሰባት ሰዓት ላይ ደረስኩ። ካርታዬን ዘረጋሁ። ስልክ ጮኸ። ናርዶስ ናት። አክስቷ ጋ ባምባሲ አድራ ነበር።

«መኪናው አልሞላም! ሁለት ሰው ይቀረዋል! ጀምሩ፣ እደርሳለሁ!»

እንዴት ይጀመራል? ቀርከሃዋ እሷ ናት እኮ!

እዛው ግቢ ውስጥ የፈትያ አያት ሐጂ ሙሳ መቁጠሪያቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ገበያ ላይ ሁለት ነጋዴ ቢጣላ፣ ባልና ሚስት ቢኳረፍ፣ መጀመሪያ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። እንዲህ ስንጨናነቅ አዩንና «ምን ጎደለ?» አሉ።

«ሰው ጎደለን ጂዲ» አለች ፈትያ። አያቷን እንዲህ ነው የምትጠራቸው።

«እኔ ሰው አይደለሁም?»

ተሳሳቅን። እሳቸው ግን የምር ነው! የሚቀመጡበትን ዱካ ይዘው መጡ።

«እኔ የአሥራ ሰባት ዓመት ሴት ነው?»

«አዎ ሐጂ።»

«ፀጉር አረንጓዴ?»

«አዎ።»

ቆባቸውን አስተካከሉ። «ማሻአላህ። ቀጥል።»

(እንዳትስቁባቸው! አማርኛ ለሐጂ ከበርታ ቋንቋና ከዓረብኛ ቀጥሎ ሦስተኛ ነው። የኔ በርታ አሥር ቃል አይሞላም፣ ስድስቱ ደግሞ ሰላምታ ነው።)

ጀመርኩ። ልክ ሰባት ተኩል ነበር። ድምፄን አወፈርኩ። «ቅዳሜ። ከቀኑ ስድስት ሰዓት። አሶሳ። ጥላ... የለም።»

መሲ ቀና ብላ ማንጎውን አየችው። አየችው!!! ልቤ እስክስታ ወረደ።

ፈትያ ዳይስ ጣለች፣ ወርቁ በውኃ ታንከሩ በኩል ሲያቃስት ሰማች። መሲ ባጃጇን አስነሳች።

«ቆይ ቆይ» አለች መሲ። «እኔ ነጂ ነኝ። ከኋላ ሁለት ሰው ነው ያለን። ሦስተኛ ከየት ላመጣ ነው? ይሄ ነገር መቼም ላይበር ነው?»

«ወደፊት ይገለጻል» አልኳት በምስጢር።

ውሸቴን ነው። እኔም አላውቅም ነበር። ሕጉን ጥር ላይ ዝም ብዬ ነው የጻፍኩት። ሦስት ጀግና ሆነው ለምን አራት ሰው የሚፈልግ ባጃጅ እንደጻፍኩ ብትጠይቁኝ መልስ የለኝም ነበር።

የሐጂ ተራ ደረሰ። ዳይሱን ወደሳቸው ገፋሁት። በከዘራቸው ጫፍ መልሰው ገፉልኝ።

«ጂዲ ዳይስ አይነኩም፣ የቁማር ነው ይላሉ» አለች ፈትያ በሹክሹክታ።

«እሺ፣ ቀርከሃዋ ምን ታደርጋለች?»

ሐጂ አሰቡ። «ይሄ ጥላ የሚሰበስብ ሰው ቤተሰብ አለው?»

ደብተሬን ገለጥኩ። የለውም።

«ጎረቤት?»

የለውም።

«ማን በደለው?»

«ሐጂ፣ ክፉ ነው።»

«ክፉ ነው፣ ገባኝ። ማን በደለው?»

ሁለት ደብተር! የታንከሩ በር ስንት ብሎን እንዳለው ጽፌያለሁ። ይቺን ግን አልጻፍኩም!

«እንግዲያ ሽማግሌ እንልካለን» አሉ። «ሱልሕ ነው። እርቅ።»

እርቅ?! በመጀመሪያው ቅዳሜ?! «አይቻልም!» ልል ስል መሲ የደብተሬን የመጀመሪያ ገጽ ወደሷ አዞረችው። በቀይ እስክሪብቶ፣ ሁለቴ የተሰመረበት፣ የራሴ የእጅ ጽሑፍ። ጮክ ብላ አነበበችው።

«ተጫዋቹ በቂ ምክንያት ካቀረበ ዳይስ አያስፈልግም።»

ማን ጻፊ አለኝ?

«ጥላ ሰብሳቢው ሽማግሌ አይቀበልም!» አልኩ።

«ሽማግሌ ጨርሶ የማይቀበል ሰው አላየሁም» አሉ ሐጂ። «ትንሽ ውጭ ያስቆማል። እንቆማለን።»

ብለውም ተነስተው ቆሙ።

የምር! ከማንጎው ጥላ ወጥተው፣ ፀሐዩ ላይ፣ ከዘራቸውን ተደግፈው፣ በሌለ የታንከር በር ፊት ቆሙ። ፈትያና መሲም ከኋላቸው ተሰለፉ።

አንድ ደቂቃ። ሁለት ደቂቃ። የሰው አያት ፀሐይ ላይ አስቁሜ! እናንተ ብትሆኑ ስንት ደቂቃ ትችላላችሁ? ሼም አይደለም እንዴ?

«ግቡ» አልኩ።

ገቡ። ዱካቸውን ከፊቴ አስጠግተው ተቀመጡ። ድምፃቸው ተለወጠ፣ ገበያ ላይ ሰው ሲያስታርቁ የሚያወጡት ድምፅ ነው።

«አንተ ጥላ ሰብሳቢ። የተቀየመ ሰው መጀመሪያ ይናገራል። እስኪጨርስ ማንም አያቋርጥም። ንገረን።»

ደብተሬ ላይ ያለው «ክፉ ነው። ይስቃል።» ብቻ ነው። ሳቅኩ። «ሃ! ሃ! ሃ!»

«ሳቅህን ጨርስ» አሉ ሐጂ በትዕግሥት። «ከዛ ንገረን።»

ጨረስኩ። ሦስት ሰው ዓይን ዓይኔን ያየኛል። አንድ ነገር ማለት አለብኝ። ምንም አላቀድኩም። አፌ ዝም ብሎ ተከፈተ።

«ማንጎ ዛፍ ስር ተቀምጠው ነበር» አልኩ በጥላ ሰብሳቢው ድምፅ። «ሁሉም። ትልቅ ዛፍ ነው፣ ጥላው ለሁሉም ይበቃ ነበር። እኔን አልጠሩኝም። ሞልቷል አሉኝ። ማታ ላይ ፎቶውን ስልኬ ላይ አየሁት። ከዛፉ ስር ገና ባዶ ቦታ ነበረ።»

«ጥላ ሰብሳቢው ስልክ አለው እንዴ?» አለች መሲ እየሳቀች።

ከዛ ሳቋ ቆመ።

«...ባምባሲ?» አለች።

ምነው መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ!!!

እኔ የፈጠርኩት ጭራቅ፣ ወፍራም ድምፅ ያለው፣ ታንከር ውስጥ የሚኖር፣ ሁለት ደብተር የፈጀ... እኔ ነኝ እንዴ? ለካ ሦስት ወር ሙሉ አንዲት አኩራፊ ልጅ ነው ስጽፍ የከረምኩት! ፊቴ በርበሬ መሰለ። ደብተሬን አንስቼ ልሮጥ ነበር። ግን ሽማግሌ ተቀምጦ ማን ይነሳል?

ሐጂ ስለ ባምባሲ ምንም አያውቁም። ወደ ጀግኖቹ ዞሩ። «እናንተስ? ለምን አልጠራችሁትም?»

ፈትያ አንገቷን ደፋች። ግን በወርቅ ሰሚዋ ድምፅ መለሰች፣ እግዜር ይስጣትና! «ሁልጊዜ ደብተሩ ላይ አቀርቅሮ ይጽፋል። ከኛ ጋር መሆን የሚፈልግ አልመሰለንም።»

መሲ የካርታዬን ጠርዝ ማጠፍ ጀመረች።

«ባጃጄ ላይ አንድ ቦታ ነበረ» አለች በመጨረሻ። «ሞልቷል ያልኩት እኔ ነኝ። ዕቃ አስቀምጬበት ነበር። አንድ ፌስታል ማንጎ።»

በፌስታል ማንጎ ተበልጬ ነው ለካ!!!

መጀመሪያ ማን እንደሳቀ አላውቅም። እኔ ይመስለኛል። ከዛ ሁላችንም። ዓይኔ ደግሞ ያነባል፣ አፍንጫዬም ጭምር። ሼም በሼም!

ሐጂ እስክንጨርስ ጠበቁ። ከዛ ፈረዱ። «ሰውዬው የሰው ጥላ ይመልሳል። ዛሬውኑ። እናንተ ደግሞ ዛፍ ስር ስትሄዱ መጀመሪያ እሱን ትጠራላችሁ። መጀመሪያ! ኸላስ፣ አለቀ።»

እጃችንን ዘርግተን መረቁን። እነሱ «አሚን»፣ እኔ «አሜን»። ሰዓቱን አየሁ። ስምንት ከአምስት።

ሠላሳ አምስት ደቂቃ። አሥራ ሁለት ቅዳሜ በሠላሳ አምስት ደቂቃ!

መሲ ግን አልጨረሰችም። በጣቷ ቆጠረችን። «ወርቅ ሰሚዋ፣ ቀርከሃዋ፣ ጥላ ሰብሳቢው። ሦስት!» ጠረጴዛውን መታችው። «ግቡ! ባጃጇ ልትነሳ ነው!»

በረረች። ዳይስ አልጠየቅኩም።

ናርዶስ ስምንት ተኩል ላይ ላቧ እየወረደ ደረሰች። «ጀመራችሁ?»

«ጨረስን» አለች ፈትያ።

«እንዴ! የሦስት ወር ነው አልተባለም?»

«ጂዲ ገቡበት።»

«ቀርከሃዬስ?»

«ቀርከሃዋ እኔ ነው» አሉ ሐጂ። ድርድር የለም።

«ሽማግሌ ላኪባቸው» አለቻት መሲ።

ልሄድ ስል ሐጂ ጠሩኝ። «ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ ለቅዳሜ ሌላ ጠብ አምጣ። ይሄ ቀላል ነበር።»

ቀላል!!! ሁለት ደብተር!!!

አሁን ቤት ነኝ። ፈትያ ፎቶ ለጥፋለች፣ ማንጎው ስር የተነሳነውን። መሐል ላይ ነኝ። ዓይኔ ተጨፍኗል፣ አፌ ተከፍቷል፣ ፀጉሬ ሁለቴ የተሠራም አይመስል።

አጥፊው አላልኳትም።

ትምህርቱ? ክፉ ሰው ከመፍጠራችሁ በፊት በአካባቢው ሽማግሌ አለመኖሩን አጣሩ።

አሁን ደግሞ አሥራ አንድ ቅዳሜ ባዶ እጄን ቀርቻለሁ። እስቲ ንገሩኝ፣ ሐጂ ሙሳ የማያስታርቁት ክፉ ሰው ታውቃላችሁ? እኔ የማውቀው አንድ ብቻ ነበር። እሷም ዛሬ ታረቀች።