የናዝሬቱ ግትር ዳኛ

ግትር ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን በደርግ ዘመን ናዝሬት ፍርድ ቤት የገጠሙኝ ዳኛ፣ የማመልከቻው ቴምብር ጠርዝ ተቀዷል ብለው ሽማግሌ ከደራ ድረስ ያመላልሱ ነበር። ከተማው ሁሉ ያማቸዋል፤ እኔም አብሬ።

አባቴ ሲሞት የእንጀራ እናቴ "ልጁ አይደለችም" ብላ በውርሱ ተከራከረችኝ። ዳኛው የቤተሰብ ፎቶግራፍ እንዳቀርብ አዘዙ። የነበረኝ አንድ ፎቶ ላይ ግን ከአባቴና ከእኔ ጎን ታላቅ ወንድሜ ከጓደኞቹ ጋር ቆሟል። ያን ሰሞን ሁሉም እየተፈለጉ ተደብቀው ነበር። ምን ላድርግ? አቀረብኩት።

ዳኛው አይተው ሲያስመዘግቡ፣ ከኋላ ተቀምጦ ችሎቱን ይከታተል የነበረው፣ ሽጉጥ የታጠቀው የቀበሌያችን ሊቀመንበር ተነሣ።

"ጓድ ዳኛ፣ ፎቶውን ይስጡኝ። የሚፈለጉትን ልጆች መልክ ለጥበቃዎቻችን እናሳይበታለን።"



ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁ። "ጓድ፣ እርስዎ የውርሱ ተከራካሪ ነዎት?"

"አይደለሁም፤ ለአብዮቱ ነው።"

"ይህን ያመጣችው እኔ አስገድጃት ነው፤ ያስገደድኳትም ለውርሱ ክርክር ብቻ ነው። ለሌላ ጉዳይ አሳልፌ ብሰጠው፣ ነገ ማን አምኖኝ ማስረጃ ያቀርባል?"

ፎቶውን በእጄ ሰጡኝና የችሎቱን ፖሊስ "ቤቷ ድረስ ሸኛት" አሉት። እንደገባሁ አቃጠልኩት።

እስቲ ንገሩኝ፣ ያን ጊዜ ለሽጉጥ እንዲህ ብሎ የሚመልስ ማን ነበር? ዳኛው ብዙም ሳይቆዩ ከናዝሬት ተዛወሩ። ወንድሜ ተርፎ ባቱ ላይ ልጆች አሳደገ። ዳኛውን ሄጄ ላመሰግናቸው ብዙ ጊዜ አስቤ ነበር፤ ግን እሳቸው "ይህ ጉዳይ ለእኔ አልቀረበም" ብለው እንደሚመልሱኝ አውቃለሁ።