የሰሞነኛው ውሻ

ከውሻ ጋር እንዴት እንደምትዋደዱ ከስልክ ትማራላችሁ ያለኝ ሰው ቢኖር ከጥቂት ዓመት በፊት እስቅበት ነበር። አሁን አልስቅም፤ ትምህርቱ ቤቴ ውስጥ በየቀኑ ይሰጣል። ልጄ ሜሮን ከደባርቅ ገበያ ዳር አንስታ ያመጣቻት፣ ቡቺ የምትባል ቡችላ አለችን። ሜሮን ደግሞ ከቤት እንስሳ ጋር ያለን ቅርርብ እንዴት እንደሚጠነክር የሚያስተምሩ ሰዎችን ስልኳ ላይ ሰብስባለች። ዓይን ዓይኑን እዩት ይላሉ። ዳብሱት፣ ስሙን እየጠራችሁ አጫውቱት፣ ከተመቻችሁም አብራችሁት ተኙ። ይህችን የመጨረሻዋን ምክር እናቷ የሰማች ዕለት ስልኩ ለጥቂት ተረፈ።

እኔ የማላውቀውን ነገር ሳልሞክር ማለፍ የማልችል ሰው ነኝና ዓይን ለዓይን የሚለውን ሞከርኩት። ቡቺ ፊት ቁጢጥ ብዬ አየኋት። አየችኝ። ትንሽ ቆይታ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እኔም በዚያው በኩል ዞሬ አየኋት። ተነስታ ሄደች። አልፈረድኩባትም፤ እኔንም አንድ ጎልማሳ ቁጢጥ ብሎ እንደዚያ ቢያፈጥብኝ ተነስቼ እሄዳለሁ።

ያደግሁት ዳባት ነው። እናንተም ደጋ ያደጋችሁ ከሆነ ታውቁታላችሁ፤ ቤታችን ውሻ ነበረ፣ ውሻ መንካት ግን አልነበረም። ውሻው የግቢው እንጂ የቤቱ አይደለም። ጅብ ሲመጣ እሱ ውጭ ይፋለማል፣ እኛ ከቤት ሆነን "አይዞህ!" እንለዋለን። የተረፈ እንጀራ ድንጋይ ላይ ይቀመጥለታል። ሲታመም ይታዘንለታል፤ የሞተ እንደሆነ ደግሞ እናቴ ማታ ማታ እንጀራውን ይዛ ትወጣና ድንጋዩ ጋ ስትደርስ ትዝ ይላታል። በዚህ ሁሉ መሃል እጅ የሚባል ነገር አልገባም። ደግሞስ አባቴ እኛን ልጆቹን መች አቀፈን? ከመንገድ ሲመጣ "በሉ?" ብሎ እናታችንን ይጠይቃታል፣ በልተናል ስትለው ይቀመጣል። በቃ። ያቺ "በሉ?" ግን እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለች።

እንግዲህ የሜሮንን ስልክ ባየሁ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይመላለስብኛል። እነዚያ የስልክ ሰዎች እውነት ከሆኑ እኛ ውሻ ወደን አናውቅም ማለት ነው። ሳይነኩ መዋደድ ይቻላል ወይስ ያ ጉርብትና ብቻ ነው? መልሱን ከመጽሐፍ አልፈለግሁትም። ሥራ ላይ እያለሁ ራሱ መጣ።

ሾፌር ነኝ። አሮጌ ፒካፕ አለችኝ፤ ቱሪስት ሲኖር ቱሪስት፣ ድንች ሲደርስ ድንች እጭናለሁ። ባለፈው በጋ ደግሞ ለውሻ ክትባት ተከራየሁ። ውሻ ሲያብድ ለሰውም ለከብትም መዓት ነው፤ ተራራው ላይ ያለው ቀይ ቀበሮም ከውሻ በሚጋባበት በሽታ ያልቃል። ስለዚህ ሰናይት የምትባል፣ ወሬ የማታበዛ፣ በሥራዋ ላይ ቀልድ የማትወድ የእንስሳት ሐኪም መድኃኒቷን በበረዶ ሳጥን ይዛ አጠገቤ ትቀመጣለች፣ እኔ በየመንደሩ አዞራታለሁ።

ደንቡ ቀላል ነው። ባለቤቱ ውሻውን ይይዛል፣ ሰናይት ትወጋለች፣ የተከተበው አንገቱ ላይ ቀይ ጨርቅ ይታሰርለታል። ችግሩ ያለው "ባለቤቱ ይይዛል" የምትለዋ ላይ ነው። ያልተገራ ወይፈን በቀንዱ ይዞ የሚጥል ገበሬ ዕድሜ ልኩን ግቢውን የጠበቀለት ውሻ ፊት ሲቆም እጁን የት እንደሚያደርገው ይጠፋዋል። አንዱ በገመድ ይሞክራል፣ አንዱ በጆንያ። አንዱማ ሚስቱን ወደ ውሻው ልኮ ራሱ ከአጥር ውጭ ሆኖ መመሪያ ይሰጥ ነበር። ውሻውም ሚስቲቱም እሱን ነበር የሚያዩት።

ከደባርቅ ወደ ቡይት ራስ ሲወጣ ካለ አንድ መንደር የደረስነው ቅዳሜ ቀን ነው። እዚያ ነገሩ ጠንከር ብሎ ጠበቀን። ከጥቂት ቀን በፊት ያበደ ውሻ በመንደሩ አልፎ በጎች ነክሷል። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው፣ ዛሬ ቀይ ጨርቅ ያልታሰረለት ውሻ ይገደል ብለው ቆርጠዋል። መሣሪያ ያለው አቶ ታደገ የሚባል ሰው ስለሆነ ሥራው ለእሱ ተሰጠ። ክፉ ሰው አይደለም። ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አንግቶ በየቤቱ አብሮን ሲዞር አንድ ውሻ በተከተበ ቁጥር እፎይ ይል ነበር።

ቀትር ላይ አንድ ውሻ ብቻ ቀረ። ቡላ ይባላል፣ የቄስ ሞገስ ነው።

ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዳገቱን ስንወጣ ታደገ ነገሩን አጫወተኝ። ቄስ ሞገስ ባለቤታቸው ካረፉ፣ ልጆቻቸውም ጎንደር ከገቡ ወዲህ የሚኖሩት ከቡላ ጋር ነው። ቡችላ ሳለ ከጎረቤት በቅርጫት ተሸክመው አመጡት፤ ከዚያ ቀን ወዲህ እጃቸው አርፎበት አያውቅም። ካህን ናቸዋ። ታዲያ ሲሄዱ ይከተላቸዋል፣ ሲቆሙ ይቆማል። መንገድ ላይ ስለ ገብሱም ስለ ውርጩም ሲያወሩት ሰው ይሰማቸዋል። ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ሲደርሱ እሳቸው ይገባሉ፣ እሱ ከበሩ ውጭ ካለው የጽድ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ቅዳሴው እስኪያልቅ ይጠብቃል። ደጁን አልፎ እግሩን አስገብቶ አያውቅም፤ ማንም ሳይከለክለው።

የዚያን ሳምንት ደግሞ ቄስ ሞገስ ሰሞነኛ ነበሩ። ሰሞነኛ ማለት ለማያውቅ፣ በተራው ሳምንቱን ቤተ ክርስቲያን ሰንብቶ የሚቀድስ ካህን ነው። ከቤቱም ይርቃል፣ ያረክሳል ከሚባል ነገርም ይርቃል። ውሻ የነካ ሰሞነኛ ታጥቦ ይግባ ወይስ ከነጭራሹ አይግባ የሚለውን እኔን አትጠይቁኝ፤ ታጥቦ ይገባል የሚሉም አሉ። ቄስ ሞገስ ግን ከአባታቸው የተቀበሉት አይግባ የሚለውን ነው። እኛ ደግሞ ሰው ቤቱ ይገኛል ብለን ቅዳሜን ስንመርጥ የሰሞነኛ ነገር ለማናችንም ትዝ አላለንም።

ቡላ ጽዱ ሥር ነበር። መጀመሪያ እኔና ታደገ በገመድ ሞከርነው። ሱሪዬ ለዚህ ምስክር ነው። ቀጥሎ ቄስ ሞገስ መቋሚያቸውን ይዘው ወደ በሩ ብቅ አሉ፤ "ተኛ" ሲሉት ተኛ። ሰናይት ስትጠጋ ግን ጥርሱን አሳይቶ ብድግ አለ።

"አባ፣ እርስዎ መያዝ አለብዎት" አለች።

"መያዝ ስትይ?"

"በእጅዎ።"

ቄስ ሞገስ እጃቸውን አዩት። "ነገ እኮ ቀዳሽ ነኝ ልጄ።"

"እኛም ነገ ጃናሞራ ነን አባ። ከዚያ በኋላ መቼ እንደምንመለስ አላውቅም።"

ታደገ ጠመንጃውን ከአንድ ትከሻው ወደ ሌላው አዛወረው። "አባ፣ ይፍቱኝ" አለ መሬት መሬት እያየ። "ቃሉ የመንደሩ ነው። ልጆች አሉን።"

"እግዚአብሔር ይፍታህ። እውነትህን ነው።"

እውነቱን ልንገራችሁ፣ አዝኜ ነበር፤ ከማዘኔ ይልቅ ግን ምን እንደሚያደርጉ ለማየት መጓጓቴ ይበልጥ ነበር። ቡላ ስለ እሱ እንደሚወራ ሳያውቅ ጌታውን እያየ ጅራቱን ይወዘውዛል። ቄስ ሞገስ ወደ ግቢው ዞረው ሌላኛውን ሰሞነኛ ተጣሩ።

"ቄስ አዱኛ! ነገ በእኔ ቦታ የሚገባ ካህን ከታችኛው ደብር ይላክልን።"

"ምነው፣ አመመዎት?" አለ ድምፅ ከውስጥ።

"አላመመኝም። ውሻ ልይዝ ነው።"



መስቀላቸውን ከደረታቸው አውጥተው በነጠላቸው ጠቀለሉና ደጀ ሰላሙ መስኮት ላይ አኖሩት። መቋሚያቸውን ከግንቡ አስደገፉ። እጅጌያቸውን ሰብስበው ከበሩ ወጡ፣ ቡላም ፊት በርከክ አሉ። "እንዴት ነው የሚያዘው?" ብለው ሰናይትን ጠየቋት፤ እሷ ከመመለሷ በፊት ግን እጃቸው የሚያውቀውን አደረገ። የሚንፈራገጥ ነገር ዕድሜ ልካቸውን የያዙት ሕፃን ክርስትና ሲያነሱ ብቻ ነው። ስለዚህ ያንን የሚያህል የበግ ጠባቂ ውሻ በብብቱ ሥር እጃቸውን አስገብተው አነሱት፣ ደረታቸው ላይ አጋደሙት፣ በግራ መዳፋቸው አንገቱን ደገፉለት። ቡላ የኋላ እግሮቹ ተንጠልጥለው፣ አፉን ገርበብ አድርጎ ደርቆ ቀረ። መንከስ ቀርቶ መተንፈሱንም እንጃ።

ሰናይት ወጋችው። "አለቀ" አለች።

አላስቀመጡትም።

"አለቀ እኮ አባ።"

ያኔ ቡላ ነቃና ከአገጫቸው ጀምሮ እስከ ጥምጥማቸው ድረስ ላሳቸው። እኔ ሳቄ አመለጠኝ። ወዲያው ግን አፈርኩ፣ ሽማግሌው ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ነበር።

"ለካ እንዲህ ይሞቃል" አሉ።

ታደገ ቀዩን ጨርቅ ራሱ አሰረለት። ቋጠሮው ሁለቴ ተፈታበት።

ቤት ገብቼ ለሜሮን ነገርኳት። አዳምጣኝ ስታበቃ፣ "እስከ ዛሬ ሳይነኩት እንዴት ቻሉ?" አለችኝ። ስልክሽን ጠይቂ አልኳት። በልቤ ግን እኔም የምጠይቀው እሱኑ ነበር፤ ያ ሁሉ ዘመን የጎደላቸው ነገር ነበር ወይስ የጎደለው መኖሩን ያወቁት ገና ዛሬ ነው? ነክተው ካወቁ በኋላ ወደ ድሮው መመለስስ ይቻላል?

በነጋታው እሑድ ወደ ጃናሞራ ስንወጣ መንገዳችን በዚያው ነው። ቅዳሴው ገና አልወጣም። ከበሩ ውጭ፣ በአንድ ምክንያት ወደ ውስጥ የማይዘልቁ ምእመናን እንደ ወትሮው ቆመዋል። ከእነሱ ራቅ ብሎ፣ ጽዱ ሥር፣ የቡላ ቦታ ላይ፣ ቄስ ሞገስ ጋቢያቸውን ተከናንበው ቆመዋል። ቡላ ግን መቆም አልቻለም። ጉልበታቸውን በአፍንጫው ወደ በሩ ይገፋል፣ ዞሮ በሩን ያያል፣ እሳቸውን ያያል፣ ይቀመጣል፣ ይነሳል።

መኪናዋን አቁሜ አንገቴን አወጣሁ። "አባ፣ እንዴት አደሩ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን። እኔስ ደኅና ነኝ፣ ይኼ ነው የተቀየመኝ።" ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ከውስጥ ዜማው ይሰማል። "ግባ ነው የሚለኝ። ስንት ዘመን እሱን እዚህ አቆምኩት፣ ዛሬ አንድ ቀን እኔ ልቁም ብል እምቢ አለ።"

እውነቱን ነው። እኛ የምንጨነቀው ሰሞነኛው ረከሰ አልረከሰም በሚለው ነው፤ የቡላ ጭንቀት ሌላ ነው። ዓለም የተሠራችው እሱ ከውጭ፣ ሰውዬው ከውስጥ ሆነው ነው። ያንን ያበላሸ ሰው ልክ አይደለም፣ ቢያቅፈውም።

አንድ ነገር አየሁ። የቄስ ሞገስ ቀኝ እጅ ከጋቢው በታች ወጥቶ ቡላ ጭንቅላት ላይ ተቀምጧል፤ ጣታቸው ከጆሮው ጀርባ ቀስ እያለ ይሄዳል። ዓይኔ የት እንዳረፈ አዩ።

"የዛሬው ቅዳሴ እንደሆነ አንዴ አምልጦኛል" አሉኝ። እጃቸውን አላነሱም።

ልሰናበታቸው ስል ጎንበስ ብለው ወደ ጋቢናው አዩ። "ልጄ፣ ይኼ መርፌ በየስንት ጊዜው ነው ያልሽው?"

"በዓመት አንዴ ነው አባ" አለች ሰናይት።

"በዓመት አንዴ።" ቡላ ጋቢያቸውን በጥርሱ ይዞ ወደ በሩ መጎተት ጀምሯል። "በየስድስት ወሩ ቢሆንስ? አይጠነክርም?"

በሥራዋ ላይ ቀልድ የማትወደው ሰናይት አንዴ እኔን አየችኝ፣ አንዴ እጃቸውን አየች። ጭኗ ላይ ያለውን የቀይ ጨርቅ ጥቅል አገላበጠችው።

"ይጠነክራል አባ" አለች።