የአዴ ሙና ልሙጥ ጣሪያ

ሰው ሽብሽብ ነገር አይወድም። ሸሚዙን ይተኩሳል፣ አልጋ ልብሱን ይወጥራል፣ ፊቱን ደግሞ... እናንተ መስታወት ፊት የምታደርጉትን እኔ ምን አገባኝ። በኛ በድሬዳዋ ሁሩድ አለ፤ ፊት እንዲለሰልስ ቢጫ ዱቄት በውሃ ለውሶ መለጠፍ ነው። ባለሱቋ አዴ ሙና የሁሩድ ንግሥት ናት። («አዴ» እኛ ጋ እናት እንደማለት ነው፤ «አንቺ» የምላት ስለማላከብራት አይደለም፤ ድሬ ላይ «እርስዎ» በሙቀቱ ቀልጦ አልቋል።)

እኔ ከሱቋ በረንዳ ላይ አንዲት ጥግ እፈልግ ነበር፣ ለስልክ ጥገና ጠረጴዛዬ። ትምህርት ቤትን ቶሎ የተሰናበተ ሰው ቢያንስ ጥላ ያስፈልገዋል። «የበረንዳውን ጣሪያ ሥራልኝ፣ ጥጉ ያንተ ነው» አለችኝ። ቆርቆሮ ልገዛ ስነሳ ግን እጄን ያዘች።

«አቦ፣ ያን የተጨማደደ ነገር አናቴ ላይ አትስቀልብኝ! የኔ ግንባር አይበቃም? ልሙጥ ላሜራ አምጣ።»

«አዴ፣ ልሙጡ ይጎብጣል።»

«ወሪያ፣ አንተ ልጅ! ባለሱቋ ማን ናት?»

ልሙጡ ተሰቀለ። እውነት ለመናገር፣ አማረ። በኛ ከተማ ቀትር ማለት ግን ሌላ ነው፤ ሱቅ ይዘጋል፣ ሰው ይጋደማል፣ ውሻ እንኳ ለመጮህ ይሰንፋል። ልክ በዚያ ሰዓት ፀሐይዋ ላሜራውን አጋለችው፤ ሆዱን ነፋና ጓ! ደመና ሲያልፍ በረድ ብሎ ተመለሰ፤ ጓ!

ሰፈሩ በሽርጥ ወጣ።

«ሙና፣ መድፍ ነው እንዴ የሰቀልሽው?» አለ ጎረቤቷ ጋሽ ታዬ፣ ዓይኑን እያሸ።

አዴ ሙና ቢጫ ፊቷን ወደ እኔ አዞረች። ጥጌ ክንፍ አውጥታ ስትበር ታየችኝ። ቶሎ ብዬ ስልኬን ጎረጎርኩ።

«አዴ፣ ፈረንጅ ባለሞገዱን ቆርቆሮ ኮራጌትድ ይለዋል። ሥሩ ላቲን ነው፤ ሩጋ ማለት የፊት ሽብሽብ! ብረቱን የሚያጠነክረው እሱ ነው። ይኸው፣ የጥንት ሮማውያን ቃል ነው።»

«ሮማውያን ቀትር ላይ ይተኙ ነበር?»

«ይመስለኛል።»

«እንግዲያው ያውቃሉ። ሽብሽቡን ስቀል።»

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤ ላሜራው ወረደ፣ ቆርቆሮው ወጣ። በማግስቱ ፀሐይዋ የቻለችውን ሁሉ አደረገች። ቆርቆሮው ጭጭ። የሚሰማው የጋሽ ታዬ ማንኮራፋት ብቻ ነበር።

ጠረጴዛዬን ስዘረጋ አዴ ሙና ሁሩዷን ታጥባ መጣች።

«ጥጉ ያንተ ነው። ግን ቀትር ላይ አንዲት ስልክ ብትጮህ፣ ከነሮማውያንህ ትነሳለህ!»

እኔ ስልክ ጠጋኝ ነኝ እኮ፤ ሳትጮህ መዳኗን በምን ላውቅ? ልከራከር አፌን ከፈትኩ። ግንባሯን ቋጠረችው። ሽብሽቡ ጥልቅ ነው፣ እኩል ነው፣ የሚጎብጥ ዓይነት አይደለም።

የስልኮቹን ድምፅ አንድ በአንድ አጠፋሁ።