የጀልባዋ አፍንጫና የክቡርነታቸው መቀመጫ

እኛ ሰዎች ዝም ብለን አንቀመጥም። ለቅሶ ቤት ገብታችሁ እንደሆነ ታውቁታላችሁ። በሩ ሥር ያለችውን በርጩማ ይዛችሁ «ግድ የለም፣ እዚሁ ይበቃኛል» ትላላችሁ። የቤቱ ሰው «በሞቴ! ወደ ላይ!» ይላል። እናንተም «ኧረ በፍጹም!» እያላችሁ ቀስ በቀስ ወደ ላይ ትሄዳላችሁ። ደፍሮ «ወደ ላይ» ሳይላችሁ የቀረ እንደሆነማ ያን ቤት ዳግመኛ አትረግጡትም። መኪና ሲመጣ ደግሞ ሌላ ትምህርት አብሮ መጣ፤ ትልቅ ሰው ከኋላ በቀኝ በኩል፣ አሽከር ከሾፌሩ ጎን። ይህን ሁሉ ምድር ትሸከመዋለች፣ ምን ታድርግ! ውኃ ግን እንደማይሸከመው እኔ ገፈርሳ ላይ አይቻለሁ።

ጊዜው ጃንሆይ በዙፋናቸው ሳሉ ነው። እኔ የሰበታው ልጅ፣ ቡራዩ አጠገብ ባለው የገፈርሳ ግድብ ላይ የሞተር ጀልባ ነጂ ነበርኩ። አትሳቁ። አዲስ አበባ የሚጠጣው ውኃ ላይ ሞተር ጀልባ ምን ይሠራል ትሉ ይሆናል፤ እኔም ጠይቄ «ለቁጥጥር ነው» ተብያለሁ። ማንን እንደምቆጣጠር ስላልተነገረኝ ዳክዬዎቹን እቆጣጠር ነበር።

ጀልባዋ ከኋላዋ፣ ከሞተሩ ግራና ቀኝ፣ ወደ ውኃው የሚዘረጉ ሁለት የብረት ሳንቃዎች ነበሯት። እኔ «ምላስ» እላቸዋለሁ። ከመሪው አጠገብ የየራሳቸው እጀታ አላቸው። ምላሶቹን ዝቅ ስታደርጓቸው የጀልባዋ ኋላ ይነሣና አፍንጫዋ ይወርዳል፤ ከፍ ስታደርጓቸው አፍንጫዋ ቀና ይላል። ማዕበል ከፊት ሲመጣ አፍንጫዋን ዝቅ አድርጎ ውኃውን እየሰነጠቁ መሄድ ነው፤ አለዚያ እየዘለለች ወገባችሁን ትቆርጠዋለች። አፍንጫዋን ከልክ በላይ ከደፋችሁት ደግሞ ማዕበሉን ትጎነጨዋለች። ወደ አንድ ጎን ካዘነበለች የከበደውን ጎን ምላስ ዝቅ ማድረግ ነው። ያስተማረኝ ፈረንጅ ይህን ሁሉ ካሳየኝ በኋላ «ከሁሉ በፊት ግን ሰዎቹን በክብደታቸው አስቀምጣቸው» ብሎኝ ወደ አገሩ ተሳፈረ። እሱ ምን ቸገረው!

ችግሩ የእኔ ነበር፤ ጊዜያዊ ሠራተኛ ነበርኩና። ከግድቡ ማዶ የሚያርሱትን የኦቦ ቱሉን ልጅ፣ ዲንቄን፣ ወድጃለሁ። ሽማግሌ ብልክ ኦቦ ቱሉ በትሕትና ተቀብለው፣ አብልተው አጠጥተው፣ «ልጁ ደግ ነው። ግን ጊዜያዊ ነው አሉ። እኔ ደግሞ ልጄን የምድረው ለጊዜው አይደለም» ብለው መለሷቸው። እውነታቸውን ነው፣ ምን ይባላል? እንግዲህ ቋሚ ካልሆንኩ ዲንቄ የለችም። ቋሚ የሚያደርገው ደግሞ የክቡር ዳይሬክተራችን ፊርማ ነው። አለቃዬ «ሊጎበኙን ይመጣሉ፣ ጀልባዋ ላይ ደስ ካላቸው ያንተ ነገር አለቀ» ብሎኝ ስለነበር እንቅልፍ አጥቼ ሰነበትኩ።

መጡ። ክቡርነታቸው ግርማ ሞገስ ያላቸው ሰው ነበሩ፤ ግርማውም አብዛኛው ከወገባቸው በላይ ከፊት ለፊት ነበር። ምክትላቸው፣ ጸሐፊያቸውና የየክፍሉ ሹማምንት ተከትለዋል። ኦቦ ቱሉም «የአካባቢው ሽማግሌ» ተብለው ተጋብዘው ቡልኳቸውን ደርበው መጥተዋል። እኔ መሐለኛውን ወንበር ለክቡርነታቸው ነጭ ጨርቅ አልብሼ ጠብቄያቸዋለሁ። እሳቸው ጨርቁን አየት አደረጉና አልፈውት ሄደው ከኋላ በቀኝ በኩል ቁጭ አሉ። እንደ መኪናቸው መሆኑ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን መገመት አያቅታችሁም። ለአለቃ ጀርባ መስጠት ነውር ስለሆነ ከፊታቸው የሚቀመጥ ጠፋ። ከጆሯቸው መራቅ ደግሞ ከነውርም የከፋ ነው። ስለዚህ መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ከኋላ በቀኝ ጥግ ተቆለለ። ፊት ለፊቱ ወና ሆኖ ኦቦ ቱሉ ብቻቸውን እግራቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። ጀልባዋ አፍንጫዋን ወደ ሰማይ ሰቅላ፣ ወደ ቀኝ ጋደል ብላ ተነሣች። ምላሶቹን ሁለቱንም ዝቅ አደረግኩ፤ የቀኙንማ እስከ መጨረሻው ተጫንኩት። ብረት ናቸው እንጂ ታቦት አይደሉም፣ ያን ሁሉ ሹመት ከየት አምጥተው ያንሡት?

ውኃው መሐል ስንደርስ ከወጨጫ ተራራ በኩል ነፋስ መጣ። ጀልባዋ በየማዕበሉ ላይ ትዘልና ጧ! ብላ ትወድቃለች። ከኋላ ደግሞ ውኃ እየገባ የክቡርነታቸውን ጫማ ላሰው። ምክትላቸው «ምንም አይደለም ክቡርነትዎ፣ ጤዛ ነው» አሉ። እኔ ላብ አጠመቀኝ። ፊርማዬም፣ ዲንቄም፣ ነፍሴም አንድ ላይ ሊሰምጡ ነው።

«ክቡርነትዎ፣ እባክዎ ትንሽ ወደ ፊት ቢሉልኝ?» አልኩ።

«ወደ ፊት? ከሾፌር ጋር?» አሉ ምክትሉ፣ እንደ ተሰደበ ሰው።

ያኔ የሞት ሞቴን ዋሸሁ። «በጀልባ ወግ የክብሩ ቦታ አፍንጫው ላይ ነው። በውጭ አገር ነገሥታቱ የሚቀመጡት እዚያ ነው» አልኩ።

ክቡርነታቸው ይህን ሲሰሙ ተነሡ። የየወንበሩን ጫፍ ተደግፈው አለፉና ፊት ላይ ጉብ አሉ። ጀልባዋ ለአንድ አፍታ ልኳን አገኘች፤ ደስ አለኝ። ለአንድ አፍታ ብቻ! ሹማምንቱ በሙሉ ብድግ አሉና እየተጋፉ ተከተሏቸው። ኦቦ ቱሉ ግራና ቀኛቸውን አይተው «ያ ዋቅ! ጠበበኝ እኮ!» አሉና ተነሥተው ባዶ ወደ ቀረው ኋላ ሄደው ተቀመጡ። እኔ ምላሶቹን እየተጣደፍኩ ከፍ አደረግኩ። የምላሶቹ መነሣትና የኦቦ ቱሉ ክብደት ባይኖር ኖሮ አብረን ወርደን ዓሣ በቆጠርን ነበር። ሆኖም አንድ ትልቅ ማዕበል በአፍንጫዋ ላይ ወጣ። ሰፊው አካላቸው ለሁሉም ጋሻ ሆኖ፣ ማዕበሉን ክቡርነታቸው ብቻቸውን ተቀበሉት።

ዳር ደረስን። ክቡርነታቸው ከባርኔጣቸው እስከ ካልሲያቸው ይንጠባጠባሉ። ምክትሉ የራሳቸውን ልብስ ዳበስ ዳበስ አደረጉና ደነገጡ። ደረቅ ነው! አለቃ በስብሶ ምክትል ደረቅ? ጎንበስ ብለው በባርኔጣቸው ውኃ ቀዱና ደረታቸው ላይ ደፉት። ጸሐፊው ይህን አይቶ እስከ ጉልበቱ ገብቶ ተነከረ። ከዚያማ ሹማምንቱ ሁሉ ጥምቀት እንደደረሰ ሰው ተረጫጩ።

ደረቅ የቀረነው ሁለት ነን። እኔ ከመሪው ፊት ካለው መስታወት ጀርባ ነበርኩ፣ ኦቦ ቱሉ ከኋላ። ክቡርነታቸው ግን ያዩት እኔን ብቻ ነው።

«አንተን አልነካህም?»

«መስታወቱ ጋርዶኝ ነው፣ ክቡርነትዎ።»

«ይታያል» አሉና ወደ መኪናቸው ገቡ። ከኋላ፣ በቀኝ በኩል።

ቋሚው ቅጥር ወጣ፤ ለጸሐፊው። «የጀልባ ኃላፊ» ተባለ። ውኃ ስለሚፈራ የመጀመሪያ ሥራው ጀልባዋን በሰንሰለት ማሰር ነበር። እኔ ተሰናበትኩ። ልሰናበታቸው ኦቦ ቱሉ ዘንድ ሄድኩና ጊዜያዊነቱም እንደቀረብኝ ነገርኳቸው። የዲንቄን ነገር ግን በምን አፌ ላንሣው?

ኦቦ ቱሉ ከት ብለው ሳቁ። «ያን ቀን ሳንበሰብስ የገባነው እኔና አንተ ነን» አሉ። «ደረቅ ነው ብለው ያባረሩትን ሰው እኔ አላባርረውም። ሽማግሌዎችህን መልሰህ ላክ።»

ተጋባን። ዳሱ ውስጥ ከሙሽራ ወንበሬ ላይ ሆኜ እንግዶቹን አያለሁ። ረጅሙ አግዳሚ ላይ የተቀመጡት ሁሉ አንዱን ጫፍ ለትልቅ ሰው ለቀው፣ በሌላው ጫፍ ተቆልለዋል። አግዳሚው ባዶ ጫፉን ቀስ በቀስ ማንሣት ጀመረ። ቀኝ እጄ፣ እንዴት እንደሆነ እንጃ፣ ዲንቄ ጭን አጠገብ የምላሱን እጀታ መፈለግ ያዘ።

አማቴ በዚያ ሲያልፉ የአግዳሚውን መነሣት አዩ። ሄደው ባዶው ጫፍ ላይ ዘጭ ብለው ተቀመጡና አግዳሚው ወደ ቦታው ተመለሰ።

«ማንን ነው የምትጠብቁት?» አሏቸው።