የዘንድሮ ጌሾ

ሰው ስለ ጠላ የሚያወራውን ያህል ስለ ጌሾ አያወራም። እናንተም ዋንጫ ስታጋድሉ ምሬቱ ከየት እንደመጣ ጠይቃችሁ አታውቁም። እኔ ግን እትዬ ትርንጎ ጎረቤቴ ስለነበሩ፣ ጌሾ ሁሉ አንድ እንዳልሆነ ለማወቅ በቅቻለሁ። ቅጠሉን በፊት ጥርሳቸው ነከስ አድርገው ዓይናቸውን ይጨፍኑና፣ የበቀለበትን አገር፣ በጥላ ይድረቅ በፀሐይ፣ የዘንድሮ ይሁን የከረመ ይነግሯችኋል። የሰፈራችን ጠላ ጠማቂ ሁሉ እሳቸውን ሳያስቀምስ አይገዛም ነበር። አንድም ቀን ተሳስተው አያውቁም። ይህን ያዙልኝ።

ባለቤታቸው ጋሼ ለማ የጭነት መኪና ሾፌር ነበሩ። ጌሾውን ከደጋ ገዝተው፣ በጥላ አድርቀው፣ በጎማ ቅዳጅ ሁለት ጊዜ ቋጥረው ያመጡላቸው ነበር። የኦጋዴን ጦርነት ሲመጣ ከነመኪናቸው ዘመቱ፤ ከዚያ ወዲያ ወሬያቸው ጠፋ። ጠፋ የምለው ለእትዬ ትርንጎ ነው። እኔ የቀበሌያችን ጸሐፊ ነበርኩና፣ መሞታቸውን የሚገልጸው ደብዳቤ መሳቢያዬ ውስጥ ከገባ ሁለት ወር አልፎት ነበር። ነገ እነግራቸዋለሁ እያልኩ ከረምኩ። ፈሪ ነኝ፤ አልደብቃችሁም።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ የደቻቱን ወንዝ ተሻግረን አብረን ቀፊራ ገበያ ወረድን። ጌሾ ሻጯ ፋጡማ ገና ስታየን ከመደቧ ስር አንድ እስር አወጣች። የጎማ ቅዳጅ፣ ሁለት ቋጠሮ።

«ማን አመጣው?» አሉ እትዬ ትርንጎ።

«አንድ ሰው፣ ዛሬ በጠዋት። ‹ለትርንጎ ስጪልኝ› ብሎ ሄደ። ወላሂ ፊቱን አይቼዋለሁ፤ አሁን ግን አልመጣልኝ አለ።»

«የዘንድሮ ነው?»

«እኔ እሸጣለሁ እንጂ እቀምሳለሁ እንዴ፣ አቦ? አንቺው ቅመሺው።»

ቀመሱ። ዓይናቸውን ጨፍነው ብዙ ቆዩ።

«የዘንድሮ ነው» አሉና አንድ ቅጠል ዘረጉልኝ። «እስቲ አንተም ቅመስ።»

ግማሹን ኪሴ ከትቼ ግማሹን አላመጥኩት። ምሬት የለው፣ ሽታ የለው፤ አመድ። ዓመታት የከረመ ጌሾ ነው። እሳቸው አፍ አፌን ያያሉ። እውነቱን ብናገር ደብዳቤውም ተከትሎ ሊወጣ ነው።

«የዘንድሮ ነው» አልኩ።

የከረመ ጌሾ ጠላ እንደማያወጣ ከሳቸው ተምሬአለሁና፣ ጋኑ ዝም ሲል እራሳቸው ይረዱታል ብዬ ተገላገልኩ። ጠነሰሱ። በሳምንቱ ግቢያቸው ስገባ ጋኑ ሲፍለቀለቅ ከደጃፍ ይሰማል። ሲደርስ ቀድተው ሰጡኝ፤ ጠጣሁ። ጋሼ ለማ ከዘመቱ ወዲህ እንዲህ የመረረ ጠላ ቀምሼ አላውቅም። ዞር ብዬ የኪሴን ቅጠል አላመጥኩ። አመድ።

ደብዳቤው እስካሁን እኔው ዘንድ ነው። የጋሼ ለማ ስም ትክክል ነው፤ ማህተሙም ትክክል ነው። ምን ብዬ ልስጣቸው? በጸሐፊነቴ ዘመን ብዙ ዋሽቻለሁ። ያስፈራኝ ግን እውነት ሆኖ የተገኘው አንዱ ብቻ ነው።