የረቡዕዋ አማት

የሌለ ሰው መውደድ ቀላል ነው፤ አያረጅም፣ አይቀየምም፣ ሳይጠሩት አይመጣም። የሌለ ሰው መጥላት ግን ጉልበት ይጠይቃል፤ የእኛ ሰው ደግሞ ለጥላቻ ጉልበት አጥቶ አያውቅም። ምሬት ነው የሚያናግርሽ ብትሉኝ አልከራከርም። ዕድሜዬን በሰው አገር ከመጻሕፍት ጋር ጨርሼ፣ በስተርጅና ሩዋንዳ ሰፈር ታናሽ እህቴ አስካለ ቤት ስገባ፣ ምን አነበብሽ ብሎ የጠየቀኝ አንድም ሰው የለም። ጥያቄው ሁሉ "የረቡዕን አየሽው?" ነው።

የረቡዕ የሚሉት ተከታታይ ድራማ ነው። አንዲት ክፉ አማት አለችበት። ምራቷን ስታንገላታ ከርማ፣ በመጨረሻ ከነእርግዝናዋ በዝናብ አስወጣቻት። በማግስቱ ታክሲውም፣ አትክልት መሸጫውም፣ የአትላስ ካፌዎችም ፍርድ ቤት ሆነው ዋሉ። ለአማቲቱ የቆመ ጠበቃ አልነበረም።

በዚያው ሰሞን የአስካለን ልጅ፣ ማህሌትን፣ ሊጠይቁ ሽማግሌዎች መጡ። ልጁ መሐንዲስ ነው፣ ጨዋ ነው፣ ማህሌትም ትወደዋለች። እንደ ወጉ "የማን ልጅ ነው?" ተባለ። ዋናው ሽማግሌ የተሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ዝና ያስከብራል ብለው፣ ደረታቸውን ነፋ አድርገው፣ "እናቱንማ የማያውቅ የለም፤ የረቡዕዋ አማት ናት" አሉ።

የአስካለ ፊት ጠቆረ። ሽማግሌዎቹ ቀጠሮ ተሰጥቷቸው ሄዱ።

ማህሌት እያለቀሰች ክፍሌ ገባች። "አክስቴ፣ የተማርሽው አንቺ ነሽ፤ ንገሪያት" አለችኝ። ነገርኳት። ክፉ ሆኖ መጫወት ክፉ መሆን እንዳልሆነ ከጥንት ጀምሬ ተነተንኩላት። አስካለ በትዕግሥት አስጨርሳኝ፣ ያ ሁሉ ክፋት ውስጧ ባይኖር ከየት ታመጣዋለች፣ ያልጠረጠረ ተመነጠረ፣ ደግሞስ አንቺ ሳታዪ ምን ያስፈርድሻል አለችኝ።

እውነቷን ነው፤ ያላነበብኩትን መጽሐፍ ነቅፌ አላውቅም። ለክርክሩ ስል ያለፉትን ክፍሎች በማህሌት ስልክ ተመለከትኩ። ለክርክሩ ስል ብቻ ነው፤ እመኑኝ።

በቀጠሮው ቀን ሽማግሌዎቹ ከኋላቸው አንዲት ሴት አስከትለው መጡ። የልጅ እናት ከሽማግሌ ጋር አትመጣም፤ እሷ መጣች። ሽማግሌዎቹ መልስ ሳንሰማ አንቀመጥም ብለው ቆሙ፤ እሷም ነጠላዋን አደግድጋ በሩ አጠገብ ቆመች። አስካለ ሰላምታም አንቱታም ነፍጋ፣ "ያቺን ልጅ ምን ብትበድልሽ ነው በዚያ ዝናብ ያስወጣሻት?" ስትል፣ ማህሌት ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

"ድራማ እኮ ነው" ትላለች ብዬ ጠበቅሁ። አላለችም።

"አጥፍቻለሁ፤ እኔም ቤቴ ገብቼ አልቅሻለሁ" አለች። "ያቺን ያስወጣኋት ሰው ጽፎልኝ ነው። የእርስዎን ልጅ ግን የምቀበላት ራሴ ነኝ።"

አስካለ ተረታች። ሆኖም ታላቅ እያለ ታናሽ እሺ አይልምና ወደ እኔ ዞረች። ሁሉም ዞሩ። ማህሌት በዓይኗ ትለምነኛለች። ያ ሁሉ ንባቤ የሚፈለግበት ሰዓት ቢኖር ይህ ነበር። ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ሆነ።

"በሚመጣው ረቡዕ ይመልሷታል?"

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ሴትዮዋ ፈገግ ብላ ተጠጋችኝና በጆሮዬ አንድ ነገር ሹክ አለችኝ። እስከ ዛሬ ለአስካለ እንኳ አልነገርኳትም።

"ተቀመጡ" አልኳቸው።

ማህሌት ተዳረች፤ አማቷም እንደ ልጇ ይዛታለች። ረቡዕ ሲደርስ እኔና አስካለ ሶፋው ላይ ተሰይመን ያቺን ክፉ አማት እንራገማለን። በመካከላችን ተቀምጣ፣ ከሁለታችንም አብልጣ የምትራገማት እሷው ናት።